ኅብርና አንድነት በተማሪ ሥዕል፦ የአንድ ጥያቄ ዳሰሳ

የሥዕል ትምህርት በሚሰጥበት ክፍል ሁሉ፣ በአዲስ አበባም ይሁን በቺካጎ፣ መምህሩ የተማሪውን ሥራ በሚመዝንበት ሰዓት ሁለት ጥያቄዎች አይቀሩም፤ አንደኛው የሥዕሉ ክፍሎች እርስ በርሳቸው ተስማምተዋልን የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ሥዕሉ በጠቅላላው አንድ ሆኖ ይቆማልን የሚል ነው። የመጀመሪያው ኅብርን፣ ሁለተኛው አንድነትን ይመለከታል። ሁለቱም በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ከሚዛን፣ ከምጣኔ፣ ከድግግሞሽና ከንጽጽር ጋራ ተዘርዝረው ስለሚገኙና ብዙ ጊዜም ባንድነት ስለሚጠሩ፣ ልዩነታቸው ምን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደ መጡ፣ ተማሪውንስ በእውነት ይረዱታል ወይስ እጁን ያስሩታል የሚለው ነገር ሳይመረመር ይታለፋል። የዚህ ዳሰሳ ዓላማ የጥያቄውን ታሪክ፣ በእርሱ ላይ የቆሙትን ዋና ዋና ወገኖችና እያንዳንዱ ወገን የሚያቀርበውን ማስረጃ በየተራ መርምሮ፣ የጸናውን ከሚያጠራጥረው ለይቶ ማሳየት ነው። ተለይቶ ካልተነገረ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሐሳቡ ጥንተ ነገር

የነገሩን መነሻ የሚሻ ሰው ወደ ግሪክ ፈላስፎች መመለስ ግድ ይሆንበታል። አርስጣጣሊስ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ቅኔና ስለ ተውኔት በጻፈው መጽሐፉ፣ አንድ ድርሰት ሙሉ ነው የሚባለው ከክፍሎቹ አንዱ ቢነሣ ወይም ከቦታው ቢፈልስ ጠቅላላው የሚናጋ ሲሆን እንደ ሆነ፣ መኖሩም ሆነ መጕደሉ የማይታወቅ ነገር ግን የሙሉው አካል ብልት ሊባል እንደማይገባው አስተማረ። ትምህርቱ የተሰጠው ስለ ተውኔት እንጂ ስለ ሥዕል አልነበረም፤ ሆኖም ከእርሱ በኋላ ስለ አንድነት የጻፉ ብዙ ሊቃውንት ይህንኑ ሚዛን ወደ ሕንፃ፣ ወደ ሐውልትና ወደ ሥዕል አሻግረው ተጠቅመውበታል። ከእነርሱም መካከል በጥበብ ሰዎች ዘንድ እጅግ የታወቀው ጣሊያናዊው ሌዮን ባቲስታ አልቤርቲ ነው፤ እርሱም በ1452 ገደማ ጽፎ በጨረሰውና በ1485 በታተመው የሕንፃ ጥበብ መጽሐፉ፣ ውበት ማለት አንዳች ቢጨመርበት፣ ቢቀነስበት ወይም ቢለወጥበት የሚበላሽ የክፍሎች ሁሉ ስምምነት ነው ሲል ደነገገ።

ይሁንና ተቃውሞውም ከጥንት ጀምሮ አብሮ የኖረ ነው። በሦስተኛው መቶ ዓመተ ምሕረት የተነሣው ፕሎቲኖስ፣ ውበት የክፍሎች መመጣጠን ነው ለሚሉት በሰጠው መልስ፣ ነገሩ እንደ ቃላቸው ቢሆን ኖሮ ክፍል የሌለው ነገር ሊያምር ባልቻለ ነበር፤ ነገር ግን የፀሐይ ብርሃንና ወርቅ ያለ አንዳች የክፍሎች ስምምነት ያምራሉ አለ። የፕሎቲኖስን ትምህርት ያነበበው አውግስጢኖስም (354–430) ነገሩን ወደ ሃይማኖት አቅንቶ፣ ግዙፋን ነገሮች ደስ የሚያሰኙን ወደ ፍጹሙ አንድነት ስለሚያዘነብሉ ነው፤ ፍጹሙ አንድነት ግን በአካል ዓለም አይገኝም ብሎ አስተማረ። እንግዲህ በእርሱ ዘንድ አንድነት ሠዓሊው ሠርቶ የሚጨርሰው ነገር ሳይሆን፣ ሥራው ሁሉ የሚመለከተው ዳርቻ ነው።

በ18ኛው መቶ ዓመት ጥያቄው መልኩን ለወጠ። ፍራንሲስ ሃችሰን በ1725 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ውበት የሚወለደው በልዩ ልዩነት ውስጥ ካለው መመሳሰል ነው ካለ በኋላ፣ ነገሩን እንደ ሒሳብ አስልቶ፣ ጎኖቹ እኩል ከሆኑ ሦስት ማዕዘን ይልቅ አራት ማዕዘን፣ ከአራት ማዕዘንም ይልቅ አምስት ማዕዘን ያምራል እስከ ማለት ደረሰ፤ መመሳሰሉ እኩል ሆኖ ሳለ ልዩ ልዩነቱ ይጨምራልና። ሠዓሊው ዊልያም ሆጋርት ግን በ1753 ሚዛኑን ወደ ሌላው ወገን ገፍቶ፣ ዓይን መመሳሰልን ቶሎ ይሰለቻል፣ የአቀናባሪነትም ጥበብ በመልካም ሁኔታ መለዋወጥ ነው ሲል ተከራከረ።

ከዚህ ውርስ ሁለት የተለያዩ ሐሳቦች እንደ ወጡ ማስተዋል ያስፈልጋል። አንደኛው አንድነትን እንደ አስፈላጊነት የሚያይ ነው፤ ከሥራው አንዳች ቢነሣ ጠቅላላው ይናጋል ወይስ አይናጋም ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው አንድነትን በመመሳሰልና በልዩነት መካከል እንዳለ መጠን የሚያይ ሲሆን፣ ምን ያህል ተመሳሰለ፣ ምን ያህልስ ተለያየ ብሎ ይመዝናል። የዛሬው ተማሪ ከመምህሩ አፍ አንድነት የሚለውን ቃል ሲሰማ፣ ሁለቱ ሐሳቦች ተቀላቅለው ይደርሱታል።

ከፍልስፍና ወደ ጥቁር ሰሌዳ

እነዚህ የሊቃውንት ክርክሮች ለጀማሪ ተማሪ የሚሰጡ ትእዛዛት ወደ መሆን የተሸጋገሩት በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽና ከዚያ በኋላ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ረስኪን በ1857 ለጀማሪዎች ባሳተመው የንድፍ መማሪያ፣ ከአንዱ ክፍል ጎልቶ መግዛት ጀምሮ እስከ ኅብር ድረስ ዘጠኝ የአቀናባሪነት ሕጎችን ዘረዘረ፤ ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ፣ ማንንም አቀናባሪ ሊያደርግ የሚችል ደንብ መስጠት እንደማይቻል አስጠነቀቀ። ከእርሱ በኋላ የመጡት የትምህርት ሰዎች ዝርዝሩን ሲወርሱ ማስጠንቀቂያውን ብዙ ጊዜ ዘንግተውታል።

በአሜሪካ የነገሩ አባት ሊባል የሚገባው አርተር ዌስሊ ዳው ነው። ዳው በ1899 ባወጣው መጽሐፉ፣ የሥዕል ትምህርት ተፈጥሮን ከመገልበጥ ይጀምር የሚለውን የቆየ ልማድ ተቃውሞ፣ ተማሪው አስቀድሞ መስመርን፣ የጨለማና የብርሃንን አቀማመጥ፣ ቀለምንም በተወሰነ ቦታ ውስጥ አስማምቶ ማቀናበር እንዲማር አዘዘ፤ ለዚህም መቃረንን፣ መሸጋገሪያን፣ ለዋናው መገዛትን፣ ድግግሞሽንና ግራና ቀኝ መመሳሰልን አምስት መርሖች አድርጎ አቀረበ። ሐሳቡን በብዛት ያገኘው ከጃፓን የእንጨት ኅትመቶች ስለ ነበረ፣ እነዚህ መርሖች ምዕራባውያን ብቻ የፈጠሯቸው ናቸው የሚለው ወቀሳ በሙሉ እውነት አይደለም። ትምህርቱ ፍሬ ማፍራቱን ለማሳየት ብዙ ጊዜ የምትጠቀሰው ሠዓሊቷ ጆርጂያ ኦኪፍ ናት፤ በኒው ዮርክ በመምህራን ኮሌጅ በ1914 እና በ1915 በእርሱ ሥር ተምራለችና።

የሃርቫርዱ ዴንማን ሮስ ደግሞ በ1907 ባሳተመው መጽሐፍ ሥርዓትን በሦስት ከፈለው፤ ኅብር፣ ሚዛንና ምት ብሎ። ሮስ ኅብርን የገለጸው ክፍሎች አንዳች የጋራ ነገር ሲኖራቸው፣ ይኸውም በቀለም፣ በቅርጽ፣ በመጠን ወይም በአቅጣጫ ሲመሳሰሉ የሚገኝ ሥርዓት ነው ብሎ ነው። ይህ ግልጽ ትርጓሜ ለዚህ ዳሰሳ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ኅብር በአካላት መካከል ያለ ዝምድና እንጂ የጠቅላላው ሥራ ፍጻሜ አለመሆኑን ያሳያልና። በ1919 በጀርመን አገር በቫይማር ከተማ የተቋቋመው ባውሃውስ የተባለው ትምህርት ቤትም በመሰናዶ ትምህርቱ ይህንኑ መንገድ አሰፋው፤ ከዚያም የሥዕል አባላትና የሥዕል መርሖች የሚባለው ዝርዝር በብዙ አገሮች ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ እየገባ እስከ ዘመናችን ደረሰ።

ኅብር ሌላ፣ አንድነት ሌላ

የሁለቱን ልዩነት በተግባር ለማየት፣ በሥዕል ክፍል ዘወትር የሚሰጠውን ልምምድ እንውሰድ። በረከቦት ላይ አንዲት ጀበናና ሦስት ሲኒዎች ተቀምጠዋል እንበል። ጀማሪው ተማሪ ብዙ ጊዜ እያንዳንዱን ዕቃ ለብቻው ይሥላል፤ ሲኒዎቹ ሳይደራረቡ በረድፍ ይቆማሉ፣ የጀበናዋ ሆድ የአንዱን ሲኒ ጠርዝ ሳይሸፍን ይነካዋል፣ የኋላው ገጽ ነጭ ሆኖ ይቀራል። መምህሩ ኅብር ይጎድለዋል ቢለው፣ ተማሪው የሚያገኘው ቀላሉ መድኀኒት ሁሉንም በቡና ዓይነት ቀለም መቀባት ነው። ከዚያ በኋላ በእርግጥ ቀለሞቹ ይዛመዳሉ፣ ሥዕሉም ለዓይን የማይጎረብጥ ይሆናል፤ ነገር ግን ተመልካቹ አሁንም አራት ዕቃዎችን ከመቍጠር አልዳነም፤ አንዱ ሲኒ ቢፋቅ የሚናጋ ነገር የለምና። ኅብር ተገኝቷል፣ አንድነት ግን አልተገኘም።

ሌላው ተማሪ ደግሞ አንዱን ሲኒ በከፊል ከጀበናዋ ጀርባ ያስገባዋል፤ የጀበናዋን ጥላ በረከቦቱ ላይ አሳልፎ የቀሩትን ሁለት ሲኒዎች እንዲያያይዝ ያደርገዋል፤ ከሁሉ የሚደምቀውን ነጭ በአንድ ሲኒ ከንፈር ላይ ብቻ ያስቀራል። ይህ ተማሪ ከዕቃዎቹ ጋራ የማይዛመድ ደማቅ ቀይ ከበስተኋላ ቢጨምር እንኳ፣ ቀዩ ጥቁሯን ጀበና ወደ ፊት የሚገፋ ሆኖ ከተገኘ ሥዕሉ አንድ ሆኖ ይጸናል። በዚህኛው ሥራ ኅብሩ አነስተኛ፣ አንድነቱ ግን ጽኑ ነው። እንግዲህ ኅብር ወደ አንድነት ከሚያደርሱ መንገዶች አንዱ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም፤ መደራረብ፣ የጋራ ጥላ፣ የአንዱ ክፍል መግዛትና የሌሎቹ መገዛት፣ አንዳንድ ጊዜም የታሰበበት ግጭት ወደዚያው ያደርሳሉ።

የቀለም ኅብር ሕግ አለውን?

በኅብር ላይ ከተደረጉት ክርክሮች ሁሉ የቀለሙን ያህል የተካረረ የለም። የክርክሩ መነሻ በፓሪስ የጎብለን ምንጣፍ ሠሪዎች ያቀረቡት ቅሬታ ነው፤ የጥቁሩ ክር ማቅለሚያ ደካማ ነው የሚል ስሞታ በመነሣቱ፣ የማቅለሚያ ክፍሉ ኀላፊ የነበረው ኬሚስት ሚሼል ሼቭረል ነገሩን ሲመረምር፣ ጉድለቱ በማቅለሚያው ሳይሆን ጥቁሩ ከሰማያዊና ከሐምራዊ ጎን በመዋሉ እንደ ሆነ ደረሰበት። በ1839 ባሳተመው መጽሐፉም አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ቀለሞች አንዱ የሌላውን መልክ እንደሚለውጡ አስረድቶ፣ ኅብርን ከመመሳሰል የሚገኝና ከተቃራኒነት የሚገኝ ብሎ በሁለት ወገን ከፈለው። በ1909 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ቪልሄልም ኦስትቫልድ ደግሞ ከዚህ አልፎ፣ ኅብር ማለት ሥርዓት ነውና ቀለሞች በእኩል ርቀት ከተደረደሩ ኅብራቸው እንደ ሒሳብ ሊታወቅ ይችላል የሚል ትምህርት አቆመ።

የዚህን ትምህርት ድካም ያጋለጡት ራሳቸው መምህራን ናቸው። በባውሃውስ ያስተማረው ዮሃንስ ኢተን በ1961 ባሳተመው የቀለም መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ በ1928 ለተማሪዎቹ የተስማሙ የሚባሉ ቀለሞችን ሰጥቶ እንዲሠሩ ቢያዝ፣ ተማሪዎቹ ቀለሞቹ አልተስማሙም ብለው አጉረመረሙ፤ እርሱም ለእያንዳንዱ የተስማማ መስሎ የሚታየውን እንዲሠራ በፈቀደ ጊዜ፣ የአንዱ ሥራ ከሌላው ፈጽሞ የተለየ ሆኖ ተገኘ። እንደ እርሱ በባውሃውስ ያስተማረው ዮዜፍ አልበርስም፣ በኋላ በአሜሪካ ሲያስተምር በ1963 ባወጣው መጽሐፍ፣ የኅብር ደንቦችን ወደ ጎን ትቶ፣ መጠኑና ቦታው ከተስተካከለ ማንኛውም ቀለም ከማንኛውም ጋራ ሊሄድ እንደሚችል ገለጸ፤ ተማሪዎቹንም ደንብ ከማስጠናት ይልቅ አንዱ ቀለም ሁለት መስሎ እንዲታይ በባለ ቀለም ወረቀት ማሠራትን መረጠ።

የቅርብ ጊዜ የሥነ ልቡና ምርምር ለክርክሩ አዲስ ብርሃን ሰጥቷል። ካረን ሽሎስና ስቲቨን ፓልመር በ2011 ባሳተሙት ጥናት ሦስት ጥያቄዎችን ለየብቻ አቅርበዋል፤ ሁለት ቀለሞች ይመሳሰላሉን፣ ይስማማሉን፣ ደስስ ያሰኛሉን? ሰዎች የሚቀራረቡ ቀለሞችን ይበልጥ የተስማሙ አድርገው እንደሚያዩ፣ በጥንድ ሲቀርቡም በአብዛኛው እንደሚወዷቸው ተገኝቷል፤ ነገር ግን አንድ ቅርጽ በመደብ ላይ ተቀምጦ የቅርጹን ቀለም እንዲመዝኑ ሲጠየቁ፣ ከመደቡ የሚቃረነውን ቀለም መርጠዋል። እንግዲህ መስማማትና መወደድ አንድ አይደሉም፤ ተማሪው በኅብር ላይ ያለውን ዕውቀት መጠቀም ያለበትም ዋናውን ነገር ለማጉላት ነው ወይስ ክፍሎቹን ለማዛመድ ብሎ ራሱን ከጠየቀ በኋላ ነው።

የዓይን ምስክርነት

ከቀለም ወጥተን ወደ ቅርጽ ስንመጣ፣ አንድነት በዓይን ሥርዓት ላይ የተመሠረተ ነው የሚሉት ወገኖች ጽኑ ማስረጃ አላቸው። ጀርመናዊው ማክስ ቬርትሃይመር በ1923 ባሳተመው ጥናት፣ ዓይን የተበታተኑ ነጥቦችንና መስመሮችን በቅርበታቸው፣ በመመሳሰላቸው፣ በቀናው መንገድ በመቀጠላቸውና ተዘግተው ምሉዕ በመሆናቸው እየቧደነ እንደሚያይ አሳየ። ሩዶልፍ አርንሃይም በ1954 ይህንን ትምህርት ወደ ሥዕል አምጥቶ፣ በሸራ ላይ ያለ እያንዳንዱ ቅርጽ ዓይን የሚሰማውን ግፊትና ስበት ይዞ እንደሚቀመጥ አብራራ። ይህ ማስረጃ ግን ወሰኑን ማወቅ አለበት፤ ዓይን ነገሮችን እንዴት እንደሚቧድን ይነግረናል እንጂ የቧደነው ነገር መልካም ሥዕል መሆኑን አይነግረንም። በማኅተም የተመታ ሰነድም በሥርዓት የተቧደነ ነው።

ወደ መልካምነት ለመሻገር የተደረጉት ሙከራዎች እርስ በርሳቸው ተጋጭተዋል። የሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ቢርኮፍ በ1933 የውበትን መጠን ሥርዓት ለውስብስብነት ተካፍሎ የሚገኝ ነው ብሎ፣ በዚሁ ስሌት 90 ባለ ብዙ ማዕዘን ቅርጾችን ሲያወዳድር አንደኛ የወጣው ተራው አራት ማዕዘን ሆነ። ሃንስ አይዘንክ ግን በ1940ዎቹ፣ ሰዎች በተግባር የሚወዱትን ከመረመረ በኋላ፣ ሥርዓት በውስብስብነት ይባዛል እንጂ አይካፈልም አለ። ዳንኤል ቤርላይን በ1971 ሁለቱን ለማስታረቅ፣ ሰው እጅግ ቀላሉንም እጅግ ውስብስቡንም ትቶ መካከለኛውን ይወዳል የሚል ትምህርት አቀረበ። በ2016 በኔዘርላንድስ የተደረገ ጥናት ደግሞ ይህ መካከለኛነት ከፊሉ የአማካይ ስሌት ውጤት መሆኑን አሳየ፤ ቀላሉን የሚወዱ ሰዎችና ውስብስቡን የሚወዱ ሰዎች ተደምረው ሲካፈሉ፣ ብዙዎቹ ያልመረጡት መካከለኛ ተወዳጅ መስሎ ይታያልና። ኢተን በክፍሉ ውስጥ ያየው ልዩነት በዚህ ጥናት በሌላ መንገድ ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል።

ሕፃን አንድነትን ይዞ ይወለዳልን?

መርሖቹ ለማን ይሰጣሉ የሚለው ጥያቄ ምን ይሰጣል ከሚለው አያንስም። ፍራንዝ ቺዜክ በ1897 በቪየና የሕፃናት የሥዕል ክፍል በከፈተ ጊዜ፣ ሕፃን የራሱ ሕግ ያለው ሠዓሊ ነውና መምህሩ እጁን ይሰብስብ የሚል እምነት ይዞ ነበር። ቪክቶር ሎውንፌልድም በ1947 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ የሕፃናትን ሥዕል በየዕድሜው ደረጃ ከፍሎ፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያለ ልጅ ከወረቀቱ ግርጌ የመሬት መስመር አስምሮ ሰውን፣ ቤትንና ዛፍን በዚያ ላይ እንደሚያቆም ገለጸ። ይህ መስመር ማንም ያላስተማረው የአንድነት ሥርዓት ነው፤ የተበታተኑትን ነገሮች ሁሉ በአንድ መሬት ላይ ያኖራቸዋል። ለእንዲህ ያለ ልጅ ስለ ኅብር መርሕ መስበክ ያለውን እንዳያፈርስበት ያሠጋል።

ይህንን አመለካከት የሚደግፍ የሚመስል ጥናት በ1990ዎቹ በአሜሪካዊቷ ጄሲካ ዴቪስ ቀርቧል፤ የትንንሽ ሕፃናት ሥዕሎች በስሜት አገላለጽ፣ በሚዛንና በአቀናባሪነት ሲመዘኑ ከሠዓሊዎች ሥራ ጋራ እንደሚቀራረቡ፣ በመካከለኛው የልጅነት ዘመን ያሉት ግን ዝቅ እንደሚሉ አሳየች። ነገር ግን ዴቪድ ፓሪዘርና አክስል ቫን ደን ቤርግ በ1997 በሞንትሪያል ያሉ ቻይናውያንን ዳኞች አድርገው ሲሞክሩት፣ ዳኞቹ ዕድሜያቸው ከፍ ያለውን ልጆች ሥዕል በበለጠ አከበሩ። እንግዲህ የሕፃኑ አንድነት በሥዕሉ ውስጥ ያለ ነው ወይስ በዘመናዊ ጥበብ የሠለጠነ ዓይን የሚያየው ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተፈታም።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊና የዘመናዊው ተማሪ

በኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ የተለየ መልክ አለው፤ በአንድ አገር ውስጥ ሁለት የሥዕል ትምህርት መንገዶች ጎን ለጎን ኖረዋልና። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የሚማረው ከመምህሩ እጅ ሥር ሆኖ የተቀበለውን በመድገም ነው። የጻድቃን ፊት ሁለቱ ዓይኖች እየታዩ፣ የክፉዎች ፊት በጎን በኩል እንደሚሣል፣ በመቅደሱ የምዕራብ በር ላይ ሊቃነ መላእክት ሰይፍ ይዘው እንደሚቆሙ ያውቃል። የእያንዳንዱ ሥዕል ቦታ በሥርዓት የተወሰነ ስለ ሆነ፣ አንድነትን ከባዶ መፍጠር አይጠበቅበትም፤ የሚጠበቅበት በተሰጠው አንድነት ውስጥ እጁን ማሳየት ነው። በጎንደር በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩት ክንፍ ያላቸው የመላእክት ፊቶች ለዚህ ግሩም ምስክር ናቸው። ቅርጻቸው አንድ፣ ዓይናቸው የተከፈተ፣ በረድፍ ተከታትለው የሚሄዱ ቢሆኑም፣ አንድ በአንድ ለተመለከታቸው ሰው የአንዱ እይታ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ የሌላው ቅንድብ ይለያል፣ የሦስተኛው ገጽ ይከብዳል። ሃችሰን በቃል የፈለገው በልዩነት ውስጥ ያለ መመሳሰል በዚያ ጣሪያ ላይ በቀለም ተጽፏል።

የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ የሚያሳዩት የታወቁ የባህል ሥዕሎች ደግሞ የመማሪያ መጻሕፍትን ደንብ ይፈትናሉ። ብዙ ጊዜ በ44 ትንንሽ ክፍሎች የተከፈሉ ሲሆኑ፣ ዓይን የሚያርፍበት አንድ ዋና ቦታ የላቸውም፤ ንግሥቲቱ በየክፍሉ ደጋግማ ትታያለች፤ አንድነታቸው ከትረካው ቅደም ተከተል የመጣ ነው። አንድ ሥዕል ዋና ማረፊያ ከሌለው አንድነት የለውም የሚል መምህር በእነዚህ ሥዕሎች ፊት ደንቡን ማሻሻል ይገደዳል።

በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው የተመለሱት አለ ፈለገ ሰላም፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ፣ ተማሪው አንድነትን ራሱ መርምሮ እንዲያገኝ የሚያስገድደው ሁለተኛው መንገድ ተከፈተ። በ1960ዎቹ በዚያ ያስተማሩት ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎስያን ለተማሪዎቻቸው ሁለት የተለያዩ ምሳሌዎች ነበሩ፤ የመጀመሪያው በኮሎኝ የተማሩ በመሆናቸው ረቂቁን የአውሮፓ ሥዕል ይዘው ሲመጡ፣ ሁለተኛው በለንደንና በፓሪስ የተማሩትን ከጠልሰምና ከብራና ሥዕል ቅርጾች ጋራ አዋሐዱት። ለኢትዮጵያ ተማሪ የሚቀረው ከባድ ጥያቄ ከሁለት ምንጭ የተቀዳ ሥራ አንድ የሚሆነው በምን ነው የሚለው ነው፤ የመስቀልን ሐረግ በረቂቅ ቀለም መደብ ላይ ማስቀመጥ ብቻውን ጎረቤትነት እንጂ አንድነት አይሆንምና።

የዘመኑ ክርክር

በ2004 ኦሊቪያ ጉዲ የተባለች በቺካጎ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ መምህርት ባሳተመችው ጽሑፍ፣ የሥዕል አባላትና መርሖች ዝርዝር የዘመናዊነት ዘመን ቅሪት ነው፣ ሠዓሊያን ዛሬ የሚሠሩትንም አያስረዳም ስትል፣ በምትኩ የሌላውን ምስል መውሰድን፣ የማይገናኙትን አጎራብቶ ማስቀመጥን፣ መደራረብን፣ ድቅልነትንና ሌሎችንም መርሖች አቀረበች። ከዚህ አመለካከት ስንነሣ ተማሪን ስለ አንድነት መገሠጽ ግጭት ያለበትን ዓለም በግድ እንዲያስማማ ማዘዝ ሊሆን ይችላል። የነባሩ ትምህርት ጠበቆች ደግሞ፣ መርሖቹ መነጋገሪያ ቃላት እንጂ ሕግጋት አይደሉም፤ የማይገናኙ ነገሮች ተጎራብተው የሚያስደነግጡትም ተመልካቹ በአንድ ሥራ ውስጥ እንዳሉ ሲያያቸው ነው ብለው ይመልሳሉ። በዚህ ነጥብ ላይ ጠበቆቹ ያሸንፋሉ፤ ግጭት ራሱ የሚታየው አንድ በሆነ ሜዳ ላይ ነውና። ጉዲ የምታሸንፈው ደግሞ በሌላው ነጥብ ነው፤ ትምህርት ቤቶች በስም አንድነትን እያስተማሩ በተግባር ግን ኅብርን ብቻ፣ ይኸውም መመሳሰልንና አለመጎርበጥን፣ ይሸልማሉ። ለዚህም ምክንያቱ ግልጽ ነው። የቀለም ዝምድናና የቅርጽ ድግግሞሽ በመመዘኛ ወረቀት ላይ በቀላሉ ይቈጠራሉ፤ አንድነት ግን ተማሪው ምን ለማለት እንዳሰበ ሳይታወቅ ሊመዘን አይችልም።

ሳይፈታ የቀረውና ፍርዱ

ሦስት ጥያቄዎች አሁንም ክፍት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ዓይን የሚቧድንበት ሥርዓት ለሰው ሁሉ የጋራ ቢሆን እንኳ ከዚያ የሚገኘው ደስታ ለምን ከሰው ሰው እንደሚለያይ ነው። ሁለተኛው፣ በትረካ ወይም በሥርዓተ አምልኮ የሚገኘው አንድነት በዓይን ብቻ ከሚታየው አንድነት ጋራ በአንድ ሚዛን ሊመዘን ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ነው። ሦስተኛው፣ መርሖቹን ማወቅ ተማሪውን የተሻለ ሠዓሊ ያደርገዋል ወይስ ስለ ሥራው በደንብ የሚናገር ሰው ብቻ ያደርገዋል የሚለው ነው።

እነዚህ ክፍት ቢሆኑም፣ ከቀረበው ማስረጃ የሚከተለው ፍርድ ግን ሊሰጥ ይችላል። ኅብር ስለ ዓይን የተገኘ ዕውቀት ነውና እንደ ማንኛውም ዕውቀት በልምምድ ሊሰጥ ይገባዋል፤ ይኸውም አልበርስ እንዳደረገው በወረቀትና በሙከራ እንጂ በሚጠና ደንብ አይደለም። አንድነት ግን ከሥራው በፊት የሚሰጥ ትእዛዝ ሊሆን አይገባውም፤ ሥዕሉ ከተጀመረ በኋላ ለተማሪው የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ለትንንሽ ሕፃናትም ሁለቱን በስም ማስተማር አያስፈልግም። መምህራን ሆይ፣ በመመዘኛ ወረቀታችሁ ላይ ኅብርና አንድነት በአንድ መስመር ተጽፈው ከሆነ ለዩአቸው፤ ተማሪው ሥራውን ባቀረበ ጊዜም ነጥብ ከመስጠታችሁ በፊት፣ ከዚህ ሥዕል ምን ቢነሣ ይናጋል፣ ምንስ ቢነሣ አይታወቅም ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም እርሱ ራሱ በእጁ እየሸፈነ ይፈልግ።